የሁለት እጩ ቀስቃሽ

ጎንደር ስንት ከንቲባ አላት ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ አንድ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እኛም ሰፈር አለ። የእኛው መኪና የለውም፣ ጸሐፊ የለውም፣ ቢሮውም የእድራችን ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ደንቡ «የእድር ሊቀመንበር» ነው የሚለው። ከንቲባ ማለት የጀመርነው የቀድሞው ሊቀመንበራችን ማዘጋጃ ቤት ተመላልሰው፣ ደጅ ጠንተው፣ ሠራተኞቹን አሰልችተው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማችንን በጭቃ ሲያስቀር የኖረውን መንገድ ጠጠር ካስደፉልን ወዲህ ነው። ቀስ በቀስ ስሙ ከሰውዬው ወደ ወንበሩ ተሻገረ። ዘንድሮ እሳቸው ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ሌላ ምረጡ ሲሉ ሰፈሩ የታመሰው በዚሁ ስም ምክንያት ነው። ለእድር ሊቀመንበርነት ሰው የሚገባው ተለምኖ ነው፤ ከንቲባ መሆን ነው ከተባለ ግን የማይቋምጥ የለም።

ሚስቴ ስመኝ የፈለገችው ስሙን አልነበረም። ነርስ ናት፣ ስም ቀርቶ ምሳዋን የምትበላበት ጊዜ የላትም። ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ጎረቤታችን ሙሉነሽ እናቷ ሞቱባት። ባሏ ከዚያ በፊት መተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል፤ እድሩ ላይ የተመዘገበው ግን እሱ ነው። መዋጮውን ስታዋጣ፣ በየለቅሶው ወጥ ስትሠራ የኖረችው እሷ ናት፤ ድንኳን ይተከልልኝ ስትል ግን አባወራው ይምጣና ይጠይቅ ተባለች። አባወራው የት እንዳለ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ስመኝ ከዚያ ለቅሶ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወርድ አለቀሰች። ለሟቿ ሳይሆን ለሙሉነሽ ውርደት ነበር የምታለቅሰው። ይህን ነገር ሳላስተካክል አልቀርም ብላ ለሙሉነሽ ቃል ገባችላት፤ ዘንድሮ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ስትሰማ እወዳደራለሁ አለችኝ።

እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ዝም በል እያልኩ ስለምውል፣ ከሥራ ስወጣ የእኔን አፍ የሚዘጋው የለም። «የከንቲባዋ ባል» የሚለውን መንገድ ለመንገድ ለራሴ እየደጋገምኩ ስሄድ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ አልሰማሁም። ሰርግ ቤት የት እንደምቀመጥ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ስመኝ ለጊዜው ለማንም አትንገር ብላኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ለአያ ጫኔ ብቻ ልንገር ብዬ ሄድኩ።

አያ ጫኔን ሳላስተዋውቃችሁ ባልፍ ነውር ነው። የወገራ ሰው ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስና ነጭ ሽንኩርት እያስመጡ የሚሸጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው ካላዩዋቸው ሌላ ሰው የሚመስሉ። ስመኝን ያገባሁት በእሳቸው ነው። አባቷ መጽሐፍ የሚጠብቅ ሰው ልጄን ምን ያበላታል ብለው ሽማግሌ ሲመልሱብኝ፣ አያ ጫኔ ካባቸውን ደርበው ሄዱና አስፈቅደው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን ሳይ እጄ በራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ይጣመራል።

ሱቃቸው ገብቼ «አያ ጫኔ፣ አንድ ሸጋ ወሬ ይዤ መጣሁ» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። እጄን ይዘው ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና ዛሬ ልልክብህ ነበር አሉኝ። ለወንበሩ ሊወዳደሩ አስበዋል። ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ ዘመድ አዝማዱን እሳቸው ያውቁበታል፤ የቀራቸው የተማረው ነው።

«የተማረውን ሰው አንተ ታመጣልኛለህ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሚስቴ ልትወዳደርዎት ነው ይባላል? በየት በኩል ይባላል? ከአፌ የወጣው «እሺ» ነው። እሺ ብዬ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ «ይህማ ለእርስዎ የሚገባ ነው፣ እኛው መምጣት ሲገባን» ብዬ ጨመርኩበት። ስወጣ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አስያዙኝ። ስመኝ ከየት አመጣኸው ስትለኝ ረከሰልኝ አልኳት።

እንዲህ ሆኜ የሁለት እጩ ቀስቃሽ ሆንኩ። ስመኝ እጩነቷን ይፋ ካደረገች ወዲህ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሚስቴ፣ ማታ ስመለስ የአያ ጫኔ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ እኔ አሸናፊ ነኝ ብዬ ልቤ ሞቆ ነበር። አንድ ቀን ለሰፈራችን ባለሱቅ ሴት ስትመራ ቤቱ እንዴት እንደሚቀና እያስረዳሁት አያ ጫኔ ብቅ ሲሉ፣ ያንኑ ትንፋሽ ሳልቆርጥ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ምን እንደሚመስል ወደ ማስረዳት ገባሁ። ባለሱቁ ለሁለቱም ልክ ነው፣ ልክ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ሰፈር ነው፣ ችግሩ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደግሞ ምልክት የሌለው እጩ የት አለ ብዬ ለአያ ጫኔ ነጭ ሽንኩርት፣ ለስመኝ የትኩሳት መለኪያ በወረቀት ሳልኩ። የሷን ሳሳያት ይህ ምንድን ነው፣ ዋሽንት ነው ወይ ብላ ቀደደችው።

የምርጫው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ግቢ ሞላ። አስመራጩ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። በእኛ ዘንድ የሚጠቆም ሰው መጀመሪያ እምቢ ማለት አለበት። አያ ጫኔ እኔ አሮጌ ነኝ፣ ምኑን አውቄው፣ ወጣት ፈልጉ አሉና ጠቋሚው እንዳያቆም በዓይናቸው ያዙት። ስመኝም እንደ መድኃኒት በልኩ እምቢ አለች። ሦስተኛው እጩ መምህር ደሴ ግን ስማቸው ሲጠራ ብድግ ብለው አመሰግናለሁ፣ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ አሉ። ጉባኤው ክው አለ። ከኋላዬ አንዲት እናት ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይፈልጋል ወይ ሲሉ ሰማሁ። የመምህር ደሴ ነገር በዚያው አበቃ፣ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሴት ትጠቆማለች ወይ የሚል ጥያቄም ተነሳ። መሪጌታ ደንቡን አገላብጠው አዩት። መመረጥ ለአባል ቤተሰብ ሁሉ ተፈቅዷል፤ መምረጥ ግን የአባወራው ነው፣ ባሏ ከሞተም የእማወራዋ። ስለዚህ ስመኝ መመረጥ ትችላለች፣ መምረጥ አትችልም። የቤታችን ድምፅ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ይህ ነገር ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

እጅ አውጡ ተባለ። ለአያ ጫኔ ግቢው በሙሉ እጁን አወጣ። ለስመኝ ግቢው በሙሉ እጁን አወጣ። ለመምህር ደሴም ሰው እንዳይከፋቸው እስከ ክርኑ ድረስ አነሳ። ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ዓይኑን እያየው፣ እጄን አላነሳም እንዴት ይበል? ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። መሪጌታ ደምረው ሲጨርሱ ድምፁ ከአባሉ በለጠ።

«እናንት ሰዎች፣ እንደ ሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ አበቀላችሁ?» አሉ።

ከዚያ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንድንመርጥ አዘዙ። እኔ በደንብ ጨፍኛለሁ፤ ማን እንዳልጨፈነ ግን አየሁ። ለአያ ጫኔ ሲባል ራሴን አከክሁ፣ ለስመኝ ሲባልም ራሴን አከክሁ፤ መሪጌታ የፈለጉትን ይቁጠሩ ብዬ ነው። እንደተጠበቀው መምህር ደሴ ወደቁ። አያ ጫኔና ስመኝ ቀደሙ፤ ግን ማንኛቸውም ከግማሽ በላይ አላገኙም። ደንቡ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይላል። መሪጌታ የደንቡን ደብተር ዘግተው ለሚቀጥለው እሑድ የመለያ ምርጫ ጠሩ፤ በእጅ ሳይሆን በሰልፍ። እጃችሁን አላምነውም፣ በእግራችሁ ትመርጣላችሁ፣ አንድ ሰው ሁለት ሰልፍ ላይ አይቆምም አሉን።

ያች ሳምንት ሳምንት አልነበረችም። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን ለማን ነህ ሳይል አያነሳም። ሻይ ቤት ውስጥ «ሁለተኛው ዙር» የማይል የለም፤ ስኒ አጣቢዋ ሳትቀር ሁለተኛው ዙር ትላለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ራሴው ጮክ ብዬ ስለ ምርጫው ሳወራ ተማሪዎች ዝም በል አሉኝ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። አያ ጫኔ ናቸው። በእጃቸው ነጭ ሽንኩርት፣ በፊታቸው ፈገግታ። ስመኝ ከልቧ ነው የተቀበለቻቸው፣ እሷም ትወዳቸዋለች። ተቀምጠው አንድ ጉርሻ እንደጎረሱ ወደሷ ዞሩ። ነገ ማንም ቢያሸንፍ ቂም የለም፣ ብቻ ባልሽን አመስግኚልኝ አሏት፤ የተማረውን ሁሉ የሰበሰበልኝ እሱ ነው፣ አንቺ ሳትጠቆሚ የገባልኝን ቃል እስካሁን አላጠፈም፣ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አይገኝም።

ያጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ስመኝ ጭልፋውን አንስታ ለእሳቸው ወጥ ጨመረችላቸው። ለእኔ አልጨመረችም። ሽሮው ደርቆ እስኪሰነጠቅ ባዶ እንጀራ ሳገላብጥ ቆየሁ።

እሳቸውን ሸኝታ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ የቤታችን ድምፅ የት ነው የሚቆመው?»

«ካንቺ ጋ ነዋ።»

«እኔ ለራሴ መቆም አልችልም። ለሙሉነሽ ቃል ገብቻለሁ። አንተ ካልቆምክልኝ ማን ይቆምልኛል?»

በማርያም ብዬ ማልኩላት። ከልቤ ነው የማልኩት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ሽማግሌ ተመልሶብኝ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።

እሑድ ግቢው ውስጥ የእግር መርገጫ የለም። ሴቶቹ አጥሩን ተጠግተው ተደርድረዋል፤ ሙሉነሽም እዚያው ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ቆማለች። ባሏ ስላልሞተ አትመርጥም፣ ስለሌለም የሚመርጥላት የለም። አያ ጫኔ ወይራው ሥር ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ስመኝ ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። መሪጌታ ከመካከል ሆነው ተሰለፉ አሉ። ወይ ጉድ፣ ሰው ሲራመድ ማየት እንዲያ ያጓጓል እንዴ? አንዱ ወደ ወይራው አምስት እርምጃ ያህል ሄዶ የስመኝን ዓይን ያያል፤ ያኔ ጫማውን የሚያስር መስሎ ይጎነበሳል። ባለሱቁ መሐል ላይ ቆሞ ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው እያለ ሲለምን፣ ከሁለት በኩል እጁን ይዘው ሲጎትቱት ኮቱ ተተረተረ። ወንድማማቾች ተለያይተው ቆሙ፤ አማችና አማት በአንድ ሰልፍ ተገናኝተው ተፋጠጡ።

እኔስ? እኔ ወደ ሚስቴ ልሄድ ተነስቻለሁ። ግን ፀሐዩ መሪጌታን አናታቸው ላይ ይመታቸዋል። ጃንጥላቸውን የሚይዝላቸው የለም። ለእድሜያቸው አዘንኩና ጃንጥላውን ተቀብዬ ያዝኩላቸው። ጥላው ሥር ሆኜ ሁለቱንም ሰልፍ እያየሁ እዚህ የሚያየኝ የለም ብዬ ተንፈስ አልኩ።

መሪጌታ በግዕዝ ቆጠሩ፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያሉ፣ ሰውን በጣታቸው እየነኩ። እኔም ጃንጥላ ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ። የወይራውን ጨርሰው የቆርቆሮውን ቆጠሩ። ድገሙት ተባለ፣ ደገሙት። እኩል ነው። መሪጌታ አንድ ቤት ቀርቷል አሉና ዙሪያውን ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው ጃንጥላውን አዩ። ቀጥለው ጃንጥላውን የያዘውን አዩ።

ጃንጥላውን መለስኩላቸው። ግራዬ ላይ ስመኝ፣ ቀኜ ላይ አያ ጫኔ። አትጠራጠሩኝ፣ ውሳኔዬ አንድ ነው፤ ወደ ሚስቴ ነው የምሄደው። ምያለሁ። ብቻ ሚስት ያጋቡኝን ሰው እንደማላውቃቸው ጀርባዬን ሰጥቻቸው ዝም ብዬ ልሂድ? ሰው አይደለሁም እንዴ? አንድ ቃል ይቅርታ ብዬ፣ ትከሻቸውን ሳም አድርጌ፣ ከዚያ ወደ ስመኝ። ይህን አስቤ ወደ ቀኝ ተራመድኩ።

ሦስት እርምጃ አልሄድኩም፣ ከወይራው በኩል ጩኸት ፈነዳ። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ጎትቶ ከሰልፉ መጨረሻ አቆመኝ። ሌላው ጀርባዬን ይመታኛል። መሪጌታ ተፈጸመ ብለው እጃቸውን አነሱ። ቆይ፣ ቆይ እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም፤ የሥራ ዘመኔን በሹክሹክታ ያሳለፍኩ ሰው ድምፄ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ከየት ይምጣ። ወደ ስመኝ አየሁ። አልተቆጣችም። ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ክፉ ዜና ለቤተሰብ ልትናገር ስትል እንደምታደርገው። አጥሩ ሥር ሙሉነሽ ፊቷን አዙራ መሄድ ጀመረች።

አያ ጫኔ ከዘራቸውን አነሱ። ጩኸቱ ቆመ። ወደኔ መጡና ልብሴን ይዘው ከሰልፉ አወጡኝ።

«ምን ልትለኝ ነው የመጣህ?»

«ይቅርታ ልልዎት።»

«ለምኑ?»

«ወደዚያ ልሄድ ስለሆነ።»

ግቢው ሳቁን ለቀቀው። አያ ጫኔ አልሳቁም። መሪጌታ ደግሞ በእግራችሁ ብያለሁ፣ እግሩ የቆመበት ድምፁ ነው ብለው ድርቅ አሉ። የአያ ጫኔ ሰዎች ከንቲባ፣ ከንቲባ እያሉ ልብሳቸውን ይስቧቸዋል። እሳቸው ግን እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና ግቢውን በሙሉ አቋርጠው፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ፣ ከስመኝ ኋላ ወስደው አቆሙኝ። «መሪጌታ፣ ይህን እግሩንስ ያዩታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። ቆጠሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። እልልታው ከአጥሩ በኩል ነው የመጣው። ሙሉነሽ ከመንገድ ተመልሳ እየሮጠች ገባች። መሪጌታ አዲሷን ሊቀመንበር መረቁ፤ አያ ጫኔ አሜን ሲሉ ከሁሉም በላይ ተሰሙ። ስመኝ አመስግና ሳትጨርስ ምዝገባው በባልና በሚስት ስም ይሁን የሚለውን ሐሳብ አቀረበች። የሙሉነሽን ለቅሶ ያዩ ሰዎች አቀርቅረው ተስማሙ። እኔ ደስታዬ አፍኖኝ ከዚህ እዚያ እየዘለልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳምኩ፤ መምህር ደሴን ሳይቀር ሳምኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰላም የሚለን ሰው አላሳልፍ አለን። «እንደምን ዋላችሁ ከንቲባ» ይላሉ። ስመኝ ሲስቁላት ትስቃለች፤ ወደኔ ግን አትዞርም። ደጃፋችን ስንደርስ አላስቻለኝም።

«እንኳን ደስ ያለሽ። እዪው እንግዲህ፣ በኔ ድምፅ ተመረጥሽ» አልኳት።

ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ቆመች።

«የመረጡኝ አያ ጫኔ ናቸው» አለች። «አንተማ ገና መንገድ ላይ ነህ።»